የመድኃኒት ልብስ፤ ከኮርዶፋን ግራር እስከ ደቃቁ ካፕሱል

መድኃኒት የምንለው ነገር ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው በሽታውን የሚዋጋው ቅመም ነው፤ ሁለተኛው ያ ቅመም ሳይበላሽ፥ ሳያስመርርና ሳይጎዳ፥ በሚፈለግበት ስፍራና በሚፈለግበት ጊዜ እንዲደርስ የሚያደርገው ልብሱ ነው። ስለ ቅመሙ ብዙ ተጽፏል፤ ተማሪዎቻችንም ከፔኒሲሊን ጀምሮ የታወቁትን መድኃኒቶች ከነፈልሳፊዎቻቸው ስም ይቆጥራሉ። ስለ ልብሱ ግን በትምህርት ቤት ሲነገር የሚሰማው በጣም ጥቂት ነው። ሆኖም ልብሱ የራሱ የሆነ ረጅም ታሪክ አለው፤ የዚህም ታሪክ አንደኛው ምንጭ ከእኛው ጐረቤት አገር፥ በሱዳን ቆላ በሚበቅል አንድ የግራር ዓይነት ላይ ይገኛል። መምህራን በዚህ የመታሰቢያ መጽሐፍ ስለ ብዙ ቁም ነገር ሲጽፉ፥ እኔ ስለዚህ ልብስ ጥቂት ለማስረዳት መረጥሁ። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልብስ የሌለው መድኃኒት ምን ያህል እንደሚያስቸግር አባቶቻችን በኮሶ ያውቁት ነበር። ኮሶ በደጋ የሚበቅል ትልቅ ዛፍ ነው፤ ቀላ ያለውን የሴቴውን ዛፍ አበባ አድርቀውና ደቁሰው በፈሳሽ በጥብጠው፥ ማለዳ በባዶ ሆድ ይጠጡታል። ጥሬ ሥጋ በሚበላበት አገር የኮሶ ትል የማይቀር ስለ ነበረ፥ ኮሶ መጠጣት በየቤቱ የታወቀ ልማድ ሆኖ ኖረ። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ18ኛው ምዕት ዓመት አገራችንን ጐብኝቶ ስለ ዛፉ ጽፏል፤ በ1824 ደግሞ ብራዬ ለተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም መታሰቢያ እንዲሆን ብራዬራ አንቴልሚንቲካ የሚል የሳይንስ ስም ወጣለት። ከዚያ ወዲህ አበባው ወደ አውሮፓ እየተጫነ በመድኃኒት ቤት ይሸጥ ጀመር።

ኮሶ ትሉን እንደሚያስወጣ የተጠራጠረ አልነበረም። ያስቸገረው ምሬቱ፥ ማቅለሽለሹ፥ መጠኑም ሲበዛ የሚያስከትለው አደጋ ነው። ትሉ የሚኖረው በትንሹ አንጀት ውስጥ ሆኖ ሳለ፥ መራራው ነገር መጀመሪያ ምላስን፥ ቀጥሎ ጨጓራን ይመታል፤ ከፊሉ በትውከት ይመለሳል፤ የቀረው ትሉ ወዳለበት ስፍራ ይወርዳል። ስለዚህ ጠጪው ለትሉ ከሚበቃው በላይ ሊጠጣ ይገደዳል፤ ትርፉን የሚከፍለው የራሱ አካል ነው። ዛሬ የመድኃኒት ጠበብት በብዙ ገንዘብና በብዙ መሣሪያ የሚመረምሩት ጥያቄ ከዚህ የተለየ አይደለም። ቅመሙን ከምላስ እንዴት እንሰውረው? ከጨጓራ አሲድ እንዴት እናሳልፈው? ከደረሰም በኋላ ሁሉ በአንድ ጊዜ ፈስሶ ሰውየውን እንዳይመርዝ፥ ከዚያም ተሟጦ በሽታውን እንዳይለቅቀው፥ በልክ በልኩ እንዲወጣ ምን እናድርግ?

ለመጀመሪያው ጥያቄ መልስ መስጠት ቀላል ነበር። ማር፥ ሊጥ፥ ስኳር፥ ለባለጸጎችም የብርና የወርቅ ቅጠል የእንክብል ልብስ ሆነው አገልግለዋል። በ1834 ሞትና ዱብላንክ የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን ከአጥንትና ከቆዳ በሚወጣው ጀላቲን የተሠራ ካፕሱል ፈልስፈው በፓሪስ የፈጠራ መብት አገኙ፤ በ1846 ደግሞ ሌላው ፈረንሳዊ ለዩቢ ዛሬ የምናውቀውን፥ አንዱ ሌላውን እንደ ክዳን የሚገጥመውን ባለ ሁለት ክፍል ካፕሱል አወጣ። ሁለተኛውን ጥያቄ የመለሰው ጀርመናዊው የቆዳ ሐኪም ኡና ነው፤ በ1884 እንክብሉን ከቀንድና ከጥፍር በሚገኘው ኬራቲን ሸፈነው። ኬራቲን በጨጓራ አሲድ እንዳይሟሟ፥ አሲዱ በሚቀንስበት በአንጀት ውስጥ ግን እንዲፈታ ታስቦ ነበር። ያሰበውን ያህል ባይሠራለትም ሐሳቡ ትክክል ስለ ነበረ፥ የኋላ ሰዎች በሌላ ዓይነት ሽፋን ፈጸሙት።

እዚህ ላይ ለመምህራን አንድ ነገር ማሳሰብ ይገባል። በአገራችን ብዙ ሰው ካፕሱሉን ፈትቶ ቅርፊቱን ይጥላል፤ ዱቄቱን በቁስል ላይ ይነሰንሳል፥ ወይም በውኃ በጥብጦ ለልጅ ያጠጣል። እንክብሉም ትልቅ ሆኖ ለመዋጥ ሲያስቸግር የሚወቅጠው አይታጣም። ቅርፊቱ እንደ ሙዝ ልጣጭ የሚጣል ይመስለዋል። ለ12 ወይም ለ24 ሰዓት እንዲበቃ ተብሎ የተዘጋጀውን እንክብል የወቀጠ ሰው ግን የአንድ ቀን መጠን በአንድ ሰዓት ዋጠ ማለት ነው፤ ለልብ፥ ለሕመም ማስታገሻና ለሚጥል በሽታ በሚሰጡት መድኃኒቶች ላይ ይህ ሕይወት የሚያሳጣ ነገር ነው። በትምህርት ቤት ስለ ልብሱ የማይነገር ከሆነ፥ በመድኃኒት ቤት መስኮት በጥድፊያ የሚሰጠው ምክር ይህን ልማድ ይለውጠዋል ብሎ ማሰብ አስቸጋሪ ነው።

አሁን ወደ ዛፉ እንሻገር። በሱዳን ሐሻብ የሚባለው፥ በሳይንስ ስሙ አካሲያ ሴኔጋል የተባለው ግራር፥ በኮርዶፋንና በዳርፉር አሸዋማ ቆላ፥ ወደ ምሥራቅም እስከ ገዳሪፍ ድረስ ይበቅላል፤ በእኛም በኩል በመተማና በሑመራ ቆላ ይገኛል። ዝናሙ አልፎ ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር፥ ገበሬው ሱንኪ በሚባል ረጅም እጀታ ባለው ብረት ከቅርንጫፉ ላይ ልጡን በቀጭኑ ይገፍፋል። ዛፉ ቁስሉን ለመሸፈን ሙጫ ያወጣል፤ ሙጫውም በሙቀቱና በደረቁ አየር እንደ እንቁላል አስኳል ድቡልቡል ብሎ ይደርቃል። ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ቆይቶ የመጀመሪያው ይለቀማል፤ ከዚያም በየሁለት ሳምንቱ ያህል እየተመላለሱ ሌላውን ይለቅማሉ። ከአንድ ዛፍ በዓመት የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ ከግማሽ ኪሎ በታች ስለ ሆነ፥ አንድ ኩንታል ለመሙላት የስንት መቶ ዛፍ ጥበቃና የስንት ቀን እግር እንደሚጠይቅ አንባቢው ራሱ ያስላው። ሙጫው በግመልና በመኪና ወደ ኤል ኦቤይድ ይወሰዳል፤ እዚያ በሐራጅ ይሸጣል፤ ከዚያም ወደ ፖርት ሱዳን ይጫናል።

ዛፉ ቁስሉን የሚሸፍንበት ነገር ለሰውም መሸፈኛ መሆኑ የቆየ ነው። ጥንታውያን ግብፃውያን ሙጫውን ለቀለምና ለማጣበቂያ ይጠቀሙበት ነበር። የእኛም ጸሐፍት ጥላሸቱ በብራናው ላይ እንዲይዝላቸው በቀለማቸው ውስጥ የግራር ሙጫ ይጨምሩ ነበር፤ የሙጫው ሥራ በዚያም ቢሆን አንድ ነው፥ ይኸውም ደቃቁን ነገር ከቦ በፈሳሹ ውስጥ ሳይዘቅጥ ማቆየት ነው። የዐረብ ሙጫ የሚለውን ስም ያገኘው ዐረቦች ነጋዴዎች ወደ ዓለም ስላደረሱት እንጂ፥ ዛፉ በዐረብ አገር ስለሚበዛ አይደለም።

የሱዳን ሙጫ ለዓለም ምን ያህል አስፈላጊ እንደ ሆነ በመጀመሪያ የታወቀው በጠፋ ጊዜ ነው። በጃንዋሪ 1883 ኤል ኦቤይድ በማህዲ ሠራዊት እጅ ስትወድቅ የኮርዶፋን ሙጫ መንገድ ተዘጋ፤ እስከ 1898 ድረስም እንደ ቀድሞው አልተከፈተም። የአውሮፓ መድኃኒት ቀማሚዎች እንክብላቸውን የሚያጣብቁበትን፥ ዘይት ያለበትን መድኃኒት ከውኃ ጋር የሚያዋሕዱበትን ነገር ከሌላ አገር ይፈልጉ ጀመር። የሕንድም የሴኔጋልም ሙጫ ተሞከረ። ሆኖም መንገዱ እንደ ተከፈተ ሁሉም ወደ ሐሻብ ተመለሱ። በዘመኑ ለምን እንደሚበልጥ በትክክል የሚያስረዳ አልነበረም፤ ምክንያቱ የተገለጠው ከመቶ ዓመት በኋላ ነው። ሙጫው በአብዛኛው ከስኳር ዘሮች የተሠራ ረጅምና ባለ ብዙ ቅርንጫፍ ሰንሰለት ሲሆን፥ ከክብደቱ መቶኛ ሁለት ያህል ብቻ ፕሮቲን ነው። በዌልስ የነበሩት ፕሮፌሰር ግሊን ፊሊፕስና ባልደረቦቻቸው በ1980ዎቹ መጨረሻ እንዳሳዩት፥ ዘይትን የሚይዘው ይህ ጥቂት ፕሮቲን ያለበት የሙጫው ክፍል ነው። ፕሮቲኑ የዘይቱን ጠብታ ይጨብጣል፤ ስኳሩ ወደ ውኃው ይዘረጋል፤ ጠብታዎቹም እርስ በርሳቸው እንዳይዋሐዱ ይከለክላል።

የዚህ ሁሉ ታሪክ መገናኛ ግን የ1929 ሥራ ነው። ቡንገንበርግ ደ ዮንግና ክሩይት የተባሉ ሁለት ሆላንዳውያን ሊቃውንት እንደ ጀላቲንና እንደ ሙጫ ያሉት ነገሮች በውኃ ውስጥ ሟምተው ሳሉ ለሁለት የሚከፈሉበትን ሁኔታ መረመሩ፤ ኮአሰርቬሽንም ብለው ሰየሙት፥ ትርጓሜውም በላቲን መከማቸት ነው። ጀላቲን አሲድ በበዛበት ውኃ ውስጥ አዎንታዊ የኤሌክትሪክ ሙል ይይዛል፤ ሙጫው ግን እጅግ ብርቱ ባልሆነ አሲድ ውስጥ እስካለ ድረስ አሉታዊ ሙል አለው። ሁለቱን በሙቅ ውኃ ቀላቅለው አሲድ ሲጨምሩበት፥ የአሲዱ መለኪያ፥ ፒኤች የሚባለው፥ ወደ 4 ሲጠጋ፥ አዎንታዊውና አሉታዊው ይሳሳባሉ። ከውኃው ተለይተው ይወጣሉ፤ ነገር ግን እንደ ኖራ አይዘቅጡም፤ ለዓይን በማይታዩ ብዙ ፈሳሽ ጠብታዎች ይከማቻሉ። በዚያ ጊዜ በውኃው ውስጥ የዘይት ወይም የመድኃኒት ደቂቅ ካለ፥ ጠብታዎቹ እርሱን ከበው ያለብሱታል። ቀዝቀዝ ሲደረግ ጀላቲኑ ይረጋል፤ ጥቂት ማጠንከሪያ ሲጨመርበት ልብሱ ጽኑ ቅርፊት ይሆናል። ደቃቅ ካፕሱል፥ በባዕድ ቋንቋ ማይክሮካፕሱል የሚባለው፥ ይህ ነው።

የሳይንስ መምህራን ይህን ቃል ከሌላ ስፍራ ያስታውሱት ይሆናል። ሩሲያዊው ኦፓሪን ሕይወት ከባሕር ውስጥ እንዴት እንደ ተጀመረ ሲመረምር፥ የመጀመሪያውን ሕዋስ የመሰለው በእነዚሁ የኮአሰርቬት ጠብታዎች ነበር። ስለ ሕይወት አጀማመር የሰጠው አስተያየት ብዙ ተከራካሪ አለው፤ ጠብታዎቹ ግን ያው የጀላቲንና የሙጫ ጠብታዎች ናቸው።

ደቃቁ ካፕሱል መጀመሪያ የተሸጠው ለመድኃኒት አለመሆኑ ያስገርማል። በአሜሪካ፥ በኦሃዮ አውራጃ በዴይተን ከተማ ይገኝ የነበረው የገንዘብ መመዝገቢያ መኪና ሠሪው ናሽናል ካሽ ሬጂስተር፥ ደረሰኝን በጥቁር ካርቦን ሳያቆሽሽ በሁለት ቅጠል የሚጽፍበትን መንገድ ይፈልግ ነበር። ባሬት ግሪን የተባሉት የኩባንያው ኬሚስት የሆላንዳውያኑን ሥራ ተከትለው፥ ቀለም አልባ ቅመም የሟሟበትን ዘይት በጀላቲንና በዐረብ ሙጫ ቅርፊት አለበሱ፤ በወረቀቱም ጀርባ ቀቡት። እስክሪብቶ ሲጫነው ቅርፊቱ ይፈነዳል፤ ዘይቱ በታችኛው ወረቀት ላይ ያለውን ሸክላ ሲነካ ወደ ሰማያዊ ይለወጣል። ወረቀቱ በ1954 ለገበያ ቀረበ፤ የግሪንና የባልደረባቸው የሽላይከር የፈጠራ መብቶችም በ1957 ጸደቁ። በየመሥሪያ ቤቱ ካርቦን የሌለው ባለ ብዙ ቅጠል ደረሰኝ የፈረመ ሰው ሁሉ፥ ሳያውቀው አያሌ ካፕሱል አፈንድቷል። በኮርዶፋን ለቃሚውና በደረሰኝ ፈራሚው መካከል ያለውን ርቀት ሳስብ፥ ጥሬ ዕቃ ከምንጩ ሲርቅ ስሙ ፈጽሞ እንደሚጠፋ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኝም።

ከዚያ በኋላ ሥራው ወደ መድኃኒት ተመለሰ፤ ጥያቄውም የጊዜ ጥያቄ ሆነ። በ1952 ስሚዝ ክላይን ኤንድ ፍሬንች የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ስፓንሱል የሚል ስም ያለው ካፕሱል አወጣ፤ በውስጡ ውፍረታቸው የተለያየ ሽፋን ያላቸው ብዙ ቅንጣቶች ስላሉበት፥ ስስ የለበሱት ፈጥነው፥ ወፍራም የለበሱት ዘግይተው ይሟሙ ነበር። በካናዳ ቶማስ ቻንግ በ1957 ገና ተማሪ ሳሉ የደም ሕዋስን የሚመስል ሰው ሠራሽ ሽፋን ሠሩ፤ በ1964 የጻፉትም ብዙ ሰው አነቃቃ። በዚያው ዓመት አሜሪካዊው ቀዶ ሐኪም ጁዳ ፎክማን ከሎንግ ጋር ሆነው፥ በሲሊኮን ጐማ ቱቦ ውስጥ የታሸገ መድኃኒት በግድግዳው በኩል ቀስ በቀስ እንደሚሰርግ አስረዱ። እስከዚያ ጊዜ ድረስ እንዲህ የሚሰርገው ሞለኪዩሉ ትንሽ የሆነ ቅመም ብቻ ነው ተብሎ ይታመን ነበር፤ በ1976 ግን ሮበርት ላንገርና ፎክማን እንደ ፕሮቲን ያለው ትልቅ ሞለኪዩልም ቢሆን በልክ ሊወጣ እንደሚችል አሳዩ። በ1989 በአሜሪካ የተፈቀደው የፕሮስቴት ነቀርሳ መርፌ፥ ሰውነት ቀስ በቀስ በሚያፈርሰው ፕላስቲክ መሰል ደቃቅ ኳስ ውስጥ ስለ ታሸገ፥ በየቀኑ መወጋትን አስቀርቶ አንድ ጊዜ ሲሰጥ ለአንድ ወር ይበቃል። በ2020 ለኮቪድ በሽታ የወጡት አዲሶቹ ክትባቶችም ያለ ስብ ልብሳቸው ከሕዋስ ሳይገቡ ይበላሹ ነበር።

ይህ ለእኛ የሩቅ አገር ወሬ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን አይደለም። በኢትዮጵያ ከ2009 ጀምሮ በገጠር ያሉ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ሠልጥነው በእናቶች ክንድ ቆዳ ሥር የሚቀብሩት ኢምፕላኖን የተባለው የወሊድ መከላከያ፥ ደቃቅ ካፕሱል ባይሆንም፥ ሕጉ ፎክማን ያሳየው ያው ሕግ ነው። ርዝመቱ 4 ሳንቲሜትር፥ ውፍረቱ 2 ሚሊሜትር ነው፤ 68 ሚሊግራም ሆርሞን ይዟል። ይህን ሁሉ በአንድ ቀን ቢለቅቀው ለማንም አይጠቅምም ነበር። በላዩ ያለው ስስ ሽፋን ግን መጀመሪያ በቀን ከ60 እስከ 70 ማይክሮግራም፥ በሦስተኛው ዓመት መጨረሻም ከ25 እስከ 30 ማይክሮግራም ብቻ እንዲሰርግ ያደርገዋል። ለሆስፒታል ሩቅ የሆነች እናት በየቀኑ እንክብል ከመቁጠር፥ በየሦስት ወሩም መርፌ ፍለጋ ከመጓዝ ያረፈችው በሽፋኑ ምክንያት ነው። በየገጠሩ የታወቀ ስለ ሆነ፥ በልክ ስለሚወጣ መድኃኒት ለሚያስተምር ሰው ከዚህ የቀረበ ምሳሌ የለውም።

ወደ ሱዳን እንመለስ። በካርቱም ደቡብ ምሥራቅ፥ በቀይ ባሕር ተራሮች ላይ ካለችው የቀድሞ የበጋ ማረፊያ ከተማ ጋር ስሙን የሚጋራ አርካዊት የሚባል ሰፈር አለ፤ ከሱዳናውያኑ ጋር ኢትዮጵያውያንም ይኖሩበት ነበር። በዚያ ሰፈር የወገኖቻችንን ልጆች ባስተማርሁበት ዘመን፥ ሙጫውን ያወቅሁት በመጽሐፍ ሳይሆን በየሱቁ ደጃፍ በጆንያ ተዘርግቶ ነው። ሱዳናውያን እናቶች ሰመግ ይሉታል፤ ማታ በውኃ ዘፍዝፈው ጠዋት ይጠጡታል፤ ኩላሊቱን ለታመመ፥ ሆዱን ለሚያመው ሁሉ ያዝዙታል። ኢትዮጵያውያኑም ከጐረቤቶቻቸው ተምረው ያንኑ ያደርጉ ነበር። አንዲት ተማሪ ከመድኃኒት ቤት የመጣ ካፕሱል ይዛ፥ ልባሱ ከሥጋ እንደ ሆነ ሰምታለችና በጾም መዋጥ ይፈቀድ እንደ ሆነ ጠየቀችኝ፤ እስላሙ ጓደኛዋም ከየትኛው እንስሳ እንደ ሆነ ማወቅ ፈለገ። ጥያቄያቸው የሃይማኖት ጥያቄ ቢሆንም፥ ስለ ቅርፊቱ ካሰቡት ከብዙ አዋቂዎች በልጠውብኛል።

የአርካዊት እናቶች ልማድ በካርቱም ሊቃውንት ዘንድ ምርመራ አስነሥቷል። በ2008 የታተመ አንድ ጥናት በመካከለኛው ሱዳን ኩላሊታቸው ደክሞ ደማቸው በመኪና ለሚታጠብላቸው በሽተኞች ሙጫ እየሰጠ ውጤቱን መረመረ። በ2015 ደግሞ በካርቱም የኔሊን ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ማጭድ መሰል የደም ሕዋስ በሽታ ላለባቸው ሰዎች በቀን 30 ግራም ሙጫ ለ12 ሳምንት ሰጥተው፥ በሽታውን የሚያቀልለው የፅንስ ሄሞግሎቢን መጨመሩን ጻፉ። በሽተኞቹ ጥቂቶች ስለ ነበሩ፥ ከዚህ ተነሥቶ ሙጫው ፈዋሽ ነው ብሎ መስበክ አይገባም። የምርመራው መነሻ ሐሳብ ግን ለርእሳችን ትልቅ ቁም ነገር አለው። የሰው ሆድ ሙጫውን መፍጨት አይችልም፤ ሳይነካ ጨጓራንና ትንሹን አንጀት አልፎ ከትልቁ አንጀት ይደርሳል። እዚያ ያሉ ባክቴሪያዎች ቀስ እያሉ ሲበሉት ቡቲሬት የተባለውንና ሌሎችንም አሲዶች ያወጣሉ፤ የፅንስ ሄሞግሎቢንን ያነቃቃል ተብሎ የታሰበውም ቡቲሬቱ ነው። ስለዚህ ሙጫው ልብስም ቅመምም ነው፤ ራሱን በራሱ ወደ ተፈለገበት ስፍራ አድርሶ፥ በዚያ በጥቂት በጥቂቱ ይከፈላል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደርም በ2021 ሙጫውን ከምግብ አሰር ወገን አድርጎ ተቀብሎታል።

እንዲህ ያለ ሀብት ያለው አገር ከካፕሱሉ ምን አገኘ ቢባል፥ የሱዳን የሙጫ ንግድ ታሪክ መልሱን ይሰጣል። በ1969 የሱዳን መንግሥት የጥሬ ሙጫውን ወደ ውጭ መላክ በብቸኝነት ለአንድ ኩባንያ ሰጠ፤ ዋጋው እንዲጸና ታስቦ ነበር። ኩባንያው ለገበሬው የሚከፍለው ከዓለም ዋጋ ብዙ እያነሰ በመሄዱ፥ ገበሬው ዛፉን ቆርጦ ከሰል ማክሰልን ወይም በድንበር ማሾለክን የሚመርጥበት ጊዜ መጣ፤ በ2009 ብቸኝነቱ ተሻረ። በ1997 አሜሪካ በሱዳን ላይ የንግድ ማዕቀብ ስትጥል ሙጫው ተለይቶ እንዲገባ ፈቀደች፤ የለስላሳ መጠጥና የመድኃኒት ኩባንያዎቿ ያለ እርሱ መሥራት እንደማይችሉ ስላመለከቱ ነው። በ2007 የሱዳን አምባሳደር በዋሽንግተን በጋዜጠኞች ፊት የኮካ ኮላ ጠርሙስ ይዘው፥ ሙጫውን ብንከለክል ይህን ሁሉ ታጡታላችሁ የሚል ንግግር አሰሙ። ብዙዎች ሳቁ፤ እኔ ግን የሚያስቅ አይመስለኝም። የአንድ አገር ተወካይ ኃይሉን ለማሳየት የሚይዘው ሌላው የሠራውን ጠርሙስ ከሆነ፥ የጐደለው ምን እንደ ሆነ ግልጽ ነው። ከዓለም ሙጫ 80 በመቶ ያህሉ ከሱዳን እንደሚወጣ ይገመታል፤ ይህ የሆነው ግን በአብዛኛው በጥሬው ነው። አጥቦ፥ አሟሙቶና በዱቄት አድርጎ፥ ደረጃ እየመደበ ለመድኃኒት ሠሪዎች የሚሸጠው ፈረንሳይና ሌሎችም የአውሮፓ አገሮች ናቸው። ስለ እኛ ዕጣንና ሙጫም ቢሆን ከዚህ የተለየ ነገር መናገር አልችልም።

በኤፕሪል 2023 በካርቱም ጦርነት ሲነሣ አርካዊትም እንደ ሌሎቹ ሰፈሮች ተበተነ፤ ዩኒቨርሲቲዎች ተዘረፉ፥ ቤተ ሙከራዎችም ፈረሱ፤ ኢትዮጵያውያኑም በመተማና በሌላም በኩል ሸሹ። ኤል ኦቤይድ ተከብባ ኖረች፤ ከበባው የተሰበረው በፌብሩዋሪ 2025 ነው፤ የሱዳን ጦርም በተከታዩ ወር ካርቱምን መልሶ ያዘ። በመካከሉ ሙጫ የሚለቀምበት አገር ብዙው በተዋጊዎቹ እጅ ስለ ወደቀ፥ ሙጫው መነሻው ሳይታወቅ በጐረቤት አገሮች በኩል እየወጣ እንደ ነበረ የዜና ሰዎች ዘግበዋል። ከ1883 የሚለየው በዚህ ነው፤ በዚያን ጊዜ መንገዱ ተዘጋ፥ በዚህ ጊዜ ግን ሙጫው ስሙን ለውጦ ሄደ።

መምህሩ ይህን ሁሉ በቃል ብቻ እንዲያስረዳ አይገደድም። ከላይ የተነገረው የ1929 ሙከራ ገንዘብ ከሌለው ትምህርት ቤት እንኳ ይሠራል። ያስፈለገው ጥቂት ያልጣፈጠ ጀላቲን፥ ጥቂት ንጹሕ የግራር ሙጫ፥ ኮምጣጤ፥ ሙቅ ውኃ፥ ቢገኝም አንድ ማይክሮስኮፕ ነው። ከጀላቲኑ 1 ግራም በ100 ሚሊሊትር፥ ከሙጫውም እንዲሁ 1 ግራም በሌላ 100 ሚሊሊትር ለብ ያለ ውኃ ይሟሟል፤ ሙጫው ጊዜ ስለሚፈልግ ከዋዜማው ቢዘፈዘፍ ይሻላል፥ ቆሻሻውም በጨርቅ ይጠለል። ሁለቱ ከ40 እስከ 50 ዲግሪ ሳሉ ይቀላቀላሉ። ፈሳሹ በዚህ ጊዜ ጥርት ያለ ነው፥ ወይም ጥቂት ብቻ ይደፈርሳል። ከዚያ ኮምጣጤው በጠብታ በጠብታ እየተጨመረ ይማሰላል። ጥቂት ጠብታ ምንም አያሳይም፤ ከዚያ በድንገት ፈሳሹ እንደ ወተት ይነጣል። ከዚህ ላይ አንድ ጠብታ በመስተዋት ላይ አድርጎ የሚያይ ተማሪ፥ ክብ የሆኑ፥ የሚዋኙ፥ አንዳንዴም ሁለቱ ተገናኝተው አንድ የሚሆኑ ኳሶችን ያያል። ቀድሞ አንድ ጠብታ ቀለም ያለው የምግብ ዘይት ተጨምሮ በብርቱ ከተመታ፥ በአንዳንዱ ኳስ ውስጥ ዘይቱ ተሸፍኖ ይታያል። ኮምጣጤው ከልክ ካለፈ ንጣቱ ይቀንሳል፤ ሙጫው ሙሉን እያጣ ስለሚሄድ ነው። በመጨረሻ ከነጣው ፈሳሽ ከፊሉን በሌላ ብርጭቆ ቀድቶ አንድ ማንኪያ ገበታ ጨው ቢጨምሩበት፥ ጨው የሁለቱን መሳሳብ ስለሚጋርድ ኳሶቹ ይፈርሳሉ፤ ፈሳሹም በተማሪዎቹ ፊት እንደገና ይጠራል።